አጥንት ቆጠራ በኪቢሽ

አማርኛችን ‹‹አጥንት ቆጠራ›› የሚሉት ነገር አለው። ‹‹አጥንቱ የጠራ ነው››፣ ‹‹እስቲ አጥንቷ ይቆጠር›› ሲባል እየሰማን ያደግን ብዙዎች ነን። ሽማግሌ ሊላክ ሲል ይቆጠራል፣ ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፣ ሰው ሲጣላ ደግሞ ሳይጠየቅ ይቆጠራል። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ስለ ሌላ አይነት አጥንት ቆጣሪዎች ነው። አጥንትን የምር በእጃቸው ይዘው ስለሚቆጥሩት፣ ስለ አናቶሚ አስተማሪዎች። ታሪኩ ሎንደን ደርሶ ቢመለስም መነሻው እዚሁ አገራችን፣ ደቡብ ኦሞ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ህክምና ተምራለች። የአናቶሚ ትምህርት የጀመረች ሰሞን ያጋጠማትን ደጋግማ ትነግረናለች። የፎርማሊኑ ሽታ አይን ያስለቅሳል። ጠረጴዛው ላይ የአጥንት ክምር አለ። መምህሩ አንዱን አነሱና ሰጧት፣ ‹‹ግራ ነው ቀኝ?›› አሏት። እሷ ግን የጭን አጥንቱን እንደያዘች ሌላ ጥያቄ መጣባት፦ ‹‹የማን ነው?›› አፏ ላይ ደርሶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ፈተና ላይ አይመጣማ! ግራ መሆኑን መለሰች፣ ማርኳን አገኘች፣ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ይኸው እስከዛሬ አብሯት አለ።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ያዙልን። ‹‹ግራ ነው ቀኝ?›› እና ‹‹የማን ነው?›› የዛሬው ወጋችን በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ነው።

አዞ የተጋፋበት ጉዞ

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሁፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አጼ ኃይለሥላሴ ኬንያን ሲጎበኙ ዝነኛውን የቅሪተ አካል ተመራማሪ ሉዊስ ሊኪን አገኙት። እንደሚተረከው ንጉሡ ‹‹በኬንያና በታንዛኒያ ይሄ ሁሉ ሲገኝ በኛ አገር ለምን አልተገኘም?›› የሚል ጥያቄ አቀረቡለት። ሉዊስም ‹‹ይገኛል፣ ከተፈለገ›› አለ። ከዚህ በኋላ የኦሞ ሸለቆ በር ተከፈተ።

በ1967 የሶስት አገር ቡድኖች ወደ ታችኛው ኦሞ ወረዱ። ፈረንሳዮቹን ካሚል አራምቡርና ኢቭ ኮፐንስ፣ አሜሪካኖቹን ክላርክ ሃዌል ይመሩ ነበር። የኬንያውን ቡድን የመራው ደግሞ የሉዊስ ልጅ ሪቻርድ ሊኪ ነው። እድሜው ገና 22 ነበር፣ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍም አልረገጠም። ልብ በሉ፣ ሉሲ (ድንቅነሽ) ሐዳር ላይ የተገኘችው በ1974 ነው፣ ማለትም ከዚህ ሰባት ዓመት በኋላ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ በቅሪተ አካል ካርታ ላይ ስሟ ገና አልገነነም።

ፈረንሳዮቹ በዚያው ዓመት ጥርስ አልባ የታች መንጋጋ አገኙ። ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን ዝርያው ‹‹ኤቲዮፒከስ›› የሚል ስም ወጣለት። የኬንያው ቡድን ግን የደረሰው ኪቢሽ አካባቢ፣ በኛንጋቶሞች ምድር ሲሆን የደለሉ እድሜ በጣም ወጣት ነበር። ወጣቱ ሪቻርድ ‹‹ለኔ የቀረውን ፍርፋሪ ሰጡኝ›› ብሎ ሳያኮርፍ አልቀረም። ይባስ ብሎ ኦሞን ሲሻገሩ አዞዎች የእንጨት ጀልባቸውን ገነጣጠሉባቸው፣ ነፍሳቸው የተረፈችው ለጥቂት ነው። ሌላ የብረት ጀልባ እስኪላክላቸው ጠበቁ።

ፍርፋሪ የተባለው ስፍራ ግን ያልታሰበ ነገር ሰጠ። ከቡድኑ ውስጥ ካሞያ ኪሜው የሚባል ኬንያዊ ነበር። የአናቶሚ ክፍል ገብቶ አያውቅም፣ ነገር ግን ጠጠር መካከል ያለችን የአጥንት ስባሪ ከሩቅ በመለየት አቻ አልነበረውም። የሰው ቅሪት የተገኘበት ዋናው ቦታ ዛሬም ድረስ በሱ ስም ይጠራል፣ ‹‹የካሞያ የሰው ቅሪት ቦታ››። እዚያ የተገኘው ሰው ኦሞ አንድ ተባለ። ከወንዙ ማዶ ፖል ኤብል ያገኘው የራስ ቅል ደግሞ ኦሞ ሁለት። የሶስተኛ ሰው ቁራጭም ነበረ።

ሳጥኑ ሎንደን ሲደርስ

አሁን አጥንቶቹ ተገኙ። ቀጥሎ ማን ያንብባቸው? ሪቻርድ የመረጠው ማይክል ዴይ የሚባል ሐኪም ነበር። ዴይ በሎንደን የሚድልሴክስ ሆስፒታል የህክምና ትምህርት ቤት አናቶሚ የሚያስተምር ሰው ነው፣ በኋላም የሴንት ቶማስ ሆስፒታል የህክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆኗል። የእለት ስራው የወደፊት ሐኪሞችን ‹‹ግራ ነው ቀኝ?›› እያሉ መጠየቅ ነበር።

እዚህ ላይ ‹‹ቅሪተ አካል ከህክምና ትምህርት ቤት ጋር ምን አገናኘው?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። መልሱ ቀላል ነው። ከመሬት የወጣ አጥንት ስሙን ጽፎ አይመጣም። ተሰባብሮ፣ በደለል ተሸፍኖ፣ ከፍየልና ከአጋዘን አጥንት ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው። ይህቺ የጣት ክንድ የምታክል ስባሪ የሰው ናት ወይስ የዝንጀሮ? የክንድ ናት የእግር? የአዋቂ ናት የህጻን? ይህን ለመመለስ የዛሬውን ሰው አጥንት 206ቱንም፣ እያንዳንዷን ጉብታና ጎድጓዳ፣ ጡንቻ የሚጣበቅባትን ሻካራ መስመር ሳይቀር በጣትህ ዳሰሳ ማወቅ አለብህ። ይህንን ደግሞ እንደ አናቶሚ መምህር የሚያውቅ የለም። በየዓመቱ ስንት ተማሪ ነው የሚያፋጥጠው!

እናቶቻችን ይገባቸዋል። ለበዓል ዶሮ ስትገነጠል አስራ ሁለቱን ብልት ሳያዛንፉ የሚያወጡት አይናቸውን ጨፍነው ነው። ቅርጫ ላይ የቆመ አባወራም ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ታላቁን ከታናሹ፣ ፍሪምባውን ከንብራሮው ለመለየት መጽሐፍ አይገልጥም። ሐመሮች ዘንድ ደግሞ ፍየል ታርዶ አንጀቱ ይዘረጋና ሽማግሌዎች ከበው ያነቡታል፣ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ መጪውን ነገር። የዴይ ስራ ከዚህ የሚለየው ወደ ኋላ ማንበቡ ነው።

እናም ዴይ አነበበ። የኦሞ አንድ አጥንቶች ከራስ ቅል ሌላ የመንጋጋ፣ የአከርካሪ፣ የጎድን፣ የትከሻ፣ የክንድ፣ የእጅ፣ የእግርና የመርገጫ ቁርጥራጮች ነበሩ። የራስ ቅሉ ከላይ ከፍ ብሎ ክብ ነው። መንጋጋው አገጭ አለው! ይሄ አገጭ የሚባለው ነገር ቀልድ አይደለም፣ ከሰው ዘር ሁሉ አገጭ ያለን እኛ ብቻ ነን። ኒያንደርታል የለውም። መስታወት ፊት ቆማችሁ የምትነኩት ያ ጉብታ ኪቢሽ ላይም ነበረ። ኦሞ ሁለት ግን ሌላ ነው፣ የጭንቅላቱ ኋላ ሾጠጥ ያለ፣ ግንባሩ ወደኋላ የሸሸ፣ ሸካራና ግዙፍ። ዴይ በ1969 ውጤቱን ‹‹ኔቸር›› በተባለው መጽሔት ሲያወጣ ሁለቱንም ሆሞ ሳፒየንስ አላቸው፣ ልዩነታቸውን ግን ሳይደብቅ ጻፈ። ከ1982 ጀምሮ ከክሪስ ስትሪንገር ጋር ሆኖ እንደገና ሲመረምራቸው ደግሞ ኦሞ አንድ እንደኛው ያለ ሰው፣ ኦሞ ሁለት ግን ጥንታዊ ቅርጽ የያዘ መሆኑን ይበልጥ አጉልተው አሳዩ። አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው፣ የራሱን የድሮ መልስ መልሶ የሚያርም።

ግን እድሜው? በወቅቱ ከአጥንቱ አጠገብ በተገኘ የወንዝ ኦይስተር ቅርፊት ላይ ተመስርቶ 130 ሺህ ዓመት ገደማ ተባለ። ብዙዎች አላመኑም። የዘመናዊው ሰው አገር አውሮፓ ነው ብለው ያደጉ ሊቃውንት ‹‹አፍሪካ ውስጥ አገጭ ያለው ሰው በዚያን ዘመን?›› ብለው ነገሩን ወደ ጎን አደረጉት። የኬንያው ቡድንም ፊቱን ወደ ቱርካና ሐይቅ ምስራቅ ዳርቻ አዞረ። ኪቢሽ ለሰላሳ ዓመት ያህል ፀጥ አለች።

‹‹የማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ

እስኪ ወደ ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ። የማን ነው?

የአናቶሚ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ፊት ብዙ ጊዜ አንገቱን ይደፋል። በጥንት ዘመን ጌለን የተባለው ሐኪም ሰውን መቅደድ ስላልተቻለው ጦጣ እየቀደደ ስለ ሰው ጻፈ፣ ስህተቱም ከሺህ ዓመት በላይ ሲነበብ ኖረ። በ1543 ቬሳሊየስ የሰው አስከሬን ራሱ ቀድዶ አረመው፣ ግን ጠረጴዛው ላይ የተጋደሙት አብዛኞቹ የተሰቀሉ ወንጀለኞች ነበሩ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የዓለም የህክምና ትምህርት ቤቶች አጽም በብዛት የሚገዙት ከህንድ ነበር። በሞት የተለዩ ድሆች አጥንት ታጥቦ፣ ተጠርቦ፣ በሳጥን ታሽጎ ወደ አውሮፓና አሜሪካ ይጫን ነበር። ህንድ ይህን ንግድ የከለከለችው በ1985 ነው። ዴይ ከኪቢሽ የመጣውን አጥንት ለማነጻጸር በሚኖርበት ዘመን የእንግሊዝ ተማሪዎች እጅ ላይ የነበረው አጽም አብዛኛው ከዚያ የመጣ ነበር።

የኛስ? የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ ያ በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ የቀረ ህጻን፣ አናቶሚን የተማረው በላሆር የህክምና ኮሌጅ ነው፣ በ1882ም ተመረቀ። አገር ቤት በ1954 የጎንደር የህዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፣ በ1964 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የፈለገ ልጅ ባህር መሻገር ነበረበት። በ1978 ጎንደር ከምስራቅ ጀርመኑ ላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና ሐኪም ማስተማር ጀመረች፣ ጅማም ተከተለች። እስከ ሁለት ሺዎቹ መግቢያ ድረስ ሐኪም የሚያወጡት እነዚህ ሶስቱ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደ እንጉዳይ ፈላ።

ትምህርት ቤት በአዋጅ ይከፈታል፣ አስከሬን ግን በአዋጅ አይገኝም። በአገራችን ገላውን ለትምህርት የሚናዘዝ ሰው ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ አናቶሚ ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው በአብዛኛው ጠያቂ ዘመድ ያጣ ሰው ነው። እድር የሌለው፣ ‹‹የኔ ነው›› ብሎ የሚመጣ ያልተገኘለት። እድር የለሽ ሞት እንዴት እንደሚያስፈራን ሁላችንም እናውቃለን። እንግዲህ የሐኪሞቻችን የመጀመሪያ መምህር እሱ ነው፣ ያ ንፍሮ ያልተቀቀለለት ሰው። ታይላንድ ውስጥ የህክምና ተማሪዎች ጠረጴዛው ላይ ያለውን አስከሬን ‹‹ታላቁ መምህር›› ብለው ነው የሚጠሩት፣ ትምህርቱ ሲያልቅም በክብር ይሸኙታል። እኛስ አንድ ሻማ ማብራት ያቅተናል?

የራስ ቅል ለሚለኩ ሰዎች የተጻፈ

ሌላም ቁስል አለ። አናቶሚ አጥንት ቆጠራን በእኛው በአማርኛው ትርጉም የሰራበት ዘመን ነበር። በ1795 ብሉመንባክ የተባለ ጀርመናዊ የአናቶሚ ሊቅ የራስ ቅል ሰብስቦ የሰውን ዘር በአምስት ሲከፍል ለጥቁር አፍሪካ ሁሉ የሰጠው ስም ምን ይመስላችኋል? ‹‹ኢትዮጵያዊ››። እሱ ራሱ አንዱ ዘር ከሌላው ያንሳል ባይልም ከሱ በኋላ የመጡት የራስ ቅል እየለኩ ማን የበላይ ማን የበታች እንደሆነ በሴንቲሜትር ‹‹አረጋገጡ››። በፋሺስት ዘመን ሊዲዮ ቺፕሪያኒ የሚባለው ጣሊያናዊ የአፍሪካውያንን ህይወት ያለው ፊት በጄሶ እየቀረጸ ሙዚየም ይሞላ ነበር። በ1938 የወጣውን የጣሊያን የዘረኝነት ማኒፌስቶ ከፈረሙት አንዱም እሱ ነው።

‹‹ያ ድሮ ነው›› እንዳትሉን። ደቡብ ኦሞን ዛሬ በምን አይን ነው የምናየው? ቱሪስቱ ካሜራውን ደቅኖ ሙርሲዋን ከንፈሯ ላይ ያለውን ሸክላ በፎቶ ቁጥር ከፍሎ ያነሳታል፣ ፖስት ካርዱ ላይ ‹‹ዘመን ያልነካቸው›› ተብሎ ይጻፋል። እኛ የከተማ ልጆችም ከቱሪስቱ ብዙም አንሻልም። ‹‹የሰው ልጅ ቀደምት አጥንት እዚያ ተገኘ፣ ሰዎቹም እንዳሉ ናቸው›› ብለን ሁለቱን በአንድ ገመድ እናስራለን። ይህ ግን ባዶ ስህተት ነው። ኪቢሽ ዙሪያ የሚኖሩት ኛንጋቶሞች ቋንቋቸው ከቱርካናና ከካራሞጆንግ ጋር ዘመዳም ነው፣ ራሳቸውም ከምዕራብ፣ ዛሬ ኡጋንዳ ከምንለው በኩል እንደመጡ ይተርካሉ። ይህም በመቶዎች እንጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዓመት አይደለም። የኪቢሹ ሰው ለኛንጋቶሙ ቅርብ ለቦሌው ልጅ ሩቅ አይደለም። የአጥንቱ ባለቤትነት ለአንዱ ብቻ አይሰጥም። ኦሞ አንድ የሚያስተምረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ያ አገጭ የሁላችንም መሆኑን ነው።

የጎደለችዋ ስባሪ

ሰላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ከ1999 እስከ 2003 ድረስ፣ አንድ ቡድን ወደ ኪቢሽ ተመለሰ። መሪዎቹ ጂኦሎጂስቶቹ ኢያን ማክዱጋልና ፍራንክ ብራውን፣ ሶስተኛው ደግሞ ጆን ፍሊግል ነበሩ። ፍሊግልን ገምቱ እስቲ! የኒው ዮርኩ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የህክምና ትምህርት ቤት የአናቶሚ ክፍል መምህር። ታሪክ ወደ ራሷ ስትዞር እንዲህ ናት። አብረዋቸው ከሰሩት መካከል ኢትዮጵያዊው አርኪዎሎጂስት ዘላለም አሰፋ ይገኝበታል።

በድሮ ፎቶግራፎችና ማስታወሻዎች ቦታውን ፈልገው አገኙት። ቀጥሎ አፈሩን ሲያጣሩ የኦሞ አንድ ሌሎች ስባሪዎች ወጡ። ከነዚያ አንዷ የጭን አጥንት ቁራጭ ነበረች። በ1967 ከተገኘችው የጭን አጥንት ጋር ሲያገጣጥሟት ምን ሆነች? ገጠመች! ከሰላሳ ዓመት በላይ የተለያዩ ሁለት ስባሪዎች አንድ ጭን ሆኑ። ከዚህ በኋላ ‹‹አጥንቱ ከየት ነው የተነሳው? ቦታው ትክክል ነው?›› ብሎ የሚከራከር አፉን ያዘ።

በ2005 ከታች ያለው አመድ ተለካና እድሜው ወደ 195 ሺህ ዓመት ከፍ አለ። በጥር 2022 ደግሞ ሴሊን ቪዳል የመሩት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አስፋወሰን አስራት ያሉበት ቡድን ሌላ ውጤት አወጣ። ከአጥንቱ በላይ የተኛው ወፍራም አመድ እንደ ዱቄት የደቀቀ ስለነበር ለዓመታት አልለካ ብሎ ነበር። ቡድኑ የኬሚካል አሻራውን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር አገናኘው። አዎ፣ ያቺ ከላንጋኖ ስንመለስ በመኪና መስኮት የምናያት ሻላ! የፈነዳችው ከ233 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሲሆን የልኬቱ ስህተት በ22 ሺህ ወዲያና ወዲህ ነው። አመዱ ከላይ ከሆነ ኦሞ አንድ ከዚያም ይበልጣል። በሞሮኮ ጀበል ኢርሁድ 300 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው የኛ ዘር አባላት ቢገኙም ክብ የራስ ቅልና አገጭ በግልጽ አንድ ላይ ከያዙት ጥንታውያን መካከል የኪቢሹ ሰው ከፊት ተሰላፊ ነው።

ካሞያ ኪሜው ያረፈው በዚያው በ2022 ሐምሌ ላይ ነው። አይኑ ያየችው ነገር እድሜዋ ሲጨምር አይቶ ሄደ።

ጂንካ ላይ ቆመን

ጂንካ ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ። እዚያ ሆናችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ የዚያን አካባቢ ህዝቦች የእለት እቃ፣ በርኩማውን፣ ቅሉን፣ ጌጡን ታያላችሁ። የኦሞ አጥንቶች ግን የሚገኙት አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ይሄ ክስ አይደለም፣ ደህና ቦታ ላይ መሆናቸው ጥሩ ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አላት። ያቺ ከኛንጋቶም፣ ከሐመር፣ ከአሪ፣ ከዳሰነች የምትመጣ ልጅ አንድ ቀን ያን መንጋጋ በእጇ ይዛ ‹‹ይሄ አገጭ ነው፣ ይሄ ግራ ነው›› ብላ ለተማሪዎቿ ታስተምራለች ወይ?

አይሆንም የሚል ካለ እስኪ ይመልከት። በርሃነ አስፋውና ጓደኞቹ ኸርቶ ላይ የተገኙትን 160 ሺህ ዓመት ያህል የሆናቸውን የራስ ቅሎች በ2003 ለዓለም አቀረቡ። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የዲኪካዋን ህጻን ሰላምን ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ በጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ቅንጣት በቅንጣት ለማውጣት ዓመታት ፈጀበት፣ ዛሬ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አናቶሚ በስሙ ውስጥ ባለበት ክፍል ፕሮፌሰር ነው። ኢትዮጵያውያን አጥንት ማንበብ ከጀመሩ ቆይተዋል። የቀረው፣ አጥንቱ የተነሳበት ምድር ልጆች ከተነባቢነት ወደ አንባቢነት መሻገራቸው ነው። እስከዛሬ ካሜራም፣ የመለኪያ ገመድም ሲዘረጋባቸው ነው የኖረው።

ጓደኛችን ዛሬ ሐኪም ናት። ባለፈው ‹‹ያ የጭን አጥንት የማን ነበር?›› ስንላት ትንሽ አሰበችና፣ ‹‹ስሙን አላወቅሁም፣ ግን የዘመዴ መሆኑን አሁን አውቃለሁ›› አለችን።

ነገ ደግሞ ሰፈር ውስጥ አጥንት ሊቆጠር ሲጀመር፣ ማን ከማን ይጠራል የሚል ክርክር ሲነሳ፣ እኛ አንድ ሃሳብ አለን። ሰባት ቤት ላይ አትቁሙ። ቆጠራውን ቀጥሉ፣ አስር ሺህ ቤት ቁጠሩ፣ ሻላ እስክትፈነዳ ድረስ ቁጠሩ። ከዚያ አገጫችሁን ነክታችሁ ንገሩን፦ ግራ ነው ቀኝ? የማን ነው?